ምዕራፍ 7፦ ፍርግርጉ ሲከፈት

ካዋንግዋሬ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ወረድ ብሎ፣ ዝናብ ሲጥል ጭቃው ጫማ በሚያስቀር መንገድ ላይ የማዘወትራት አንዲት ሱቅ አለች። ናይሮቢዎች እንዲህ ያለችውን ሱቅ ዱካ ይሏታል። ግድግዳዋ አረንጓዴ የተቀባ ቆርቆሮ ነው፤ ፊቷ ከላይ እስከ ታች በብረት ፍርግርግ ተዘግቷል። በፍርግርጉ መካከል እጅ የምታሳልፍ አንዲት ቀዳዳ ተትታለች። ገንዘቡ በዚያች ይገባል፣ ወተቱና ዳቦው በዚያች ይወጣል።

ካሜራ ይዤ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ሰላምታ ሰጥቼ፣ ሶዳ ገዝቼ፣ ባለሱቋን ፎቶ ላንሳሽ ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር። ራሷን ነቅንቃ ፈቀደችልኝ። ውጭ እንደቆምኩ አራት አምስት ጊዜ አነሳኋት። የብረቱ ጥላ ፊቷ ላይ መስመር መስመር ሠርቶ ስለነበር ምስሉን ወደድኩት። በሳምንቱ አሳጥቤ ወሰድኩላት። ተቀበለችኝና አንዴ ራቅ፣ አንዴ ቀረብ አድርጋ አየችው። ቆይታ፣ «ምን አጠፋሁና አሰርከኝ?» አለችኝ።

የምመልሰው አልነበረኝም። ፍርግርጉን ያሠራችው ራሷ ናት። በናይሮቢ ሰፈሮች ቀኑን ሙሉ ገንዘብ የሚገባበት ትንሽ ሱቅ ያለ ብረት አይከፈትም፤ ብረቱ ለእሷ የቤቷ በር ማለት ነው። እሷ ከውስጥ ሆና የምታየው ደንበኞቿን፣ መንገዱን፣ ማዶ ያለውን ጸጉር ቤት ነው። በብረት ውስጥ የተቀመጠች ሴት ያየሁት እኔ ነኝ፤ ያነሳሁትም ያንኑ ነው። ይህን ምዕራፍ የምጽፈው ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለማሰላስለው ጉዳይ ነው፤ የሚሠራ ሰው በሚሠራበት ቦታ ሲነሳ፣ ምስሉን ባየ ጊዜ «አዎ፣ ይህ እኔ ነኝ» እንዲል ምን መደረግ አለበት?

ከቃሉ እንጀምር። እኛ ፎቶ «እናነሳለን»። በስዋሂሊ ግን ፎቶ ይመታል፤ ኩፒጋ ፒቻ ይላሉ፣ ቃል በቃል ሥዕል መምታት። ስዋሂሊ በዚሁ ግስ ስልክም ይደውላል፣ ልብስም ይተኩሳል፣ ድምፅም ይሰጣል፤ ስለዚህ ቃሉን ብቻ ይዞ ክፋት መፈለግ ስህተት ነው። ሆኖም ጊኮምባ ገበያ መሀል፣ የሰልባጅ ክምር ላይ አጎንብሶ ሸሚዝ የሚመርጥ ነጋዴን ከኋላው ሆናችሁ አንሱትና ፊቱን ሲያዞር እዩት። የተመታ ሰው ፊት ነው።

ይህ መደንገጥ ታሪክ አለው። በቅኝ ግዛት ዘመን፣ ከ1920 ገደማ ጀምሮ (በዚህ መጽሐፍ ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ኬንያዊ ወንድ ለአቅመ ሥራ ሲደርስ ኪፓንዴ የሚባል ወረቀት በብረት ማኅደር አድርጎ አንገቱ ላይ እንዲያንጠለጥል ይገደድ ነበር። ወረቀቱ ላይ ስሙ፣ ጎሣው፣ የጣት አሻራው፣ ማን ቀጥሮት እንደሠራና ስንት እንደተከፈለው ይጻፍ ነበር። ያለ አሠሪው ፊርማ ሥራውን ጥሎ ቢሄድ ተፈልጎ ይያዛል። ኪፓንዴ ስለ ሠራተኛው የሚነግረው ብዙ ነው፤ ሁሉንም የሚነግረው ግን ለአሠሪውና ለፖሊሱ ነው። የናይሮቢን ሠራተኛ በዝርዝር መዝግቦ የያዘው የመጀመሪያው ትልቅ መዝገብ እንዲህ ያለ ነበር። ዛሬ አንድ እንግዳ ሰው መጥቶ «ስምህ ማን ነው? ሥራህ ምንድን ነው? ቀና በል» ሲል፣ አያቱ ያንን ማኅደር የተሸከመ ሰው ቆም ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

እኛ ኢትዮጵያውያን የናይሮቢን ካሜራ የምናውቀው በሌላ በኩል ነው። ናይሮቢ ውስጥ በ1943 የተወለደው መሐመድ አሚን በ1984 ኮረም ላይ የቀረጸው የረሃብ ፊልም ጥቅምት 23 ቀን በቢቢሲ ሲታይ ዓለምን አናወጠ፤ የመጣው እርዳታ የብዙ ወገኖቻችንን ሕይወት አትርፏል። ሰውየው በ1991 አዲስ አበባ ላይ የጥይት ማከማቻ ሲፈነዳ አንድ እጁን አጣ፤ በ1996 ደግሞ ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሞተ። ለሥራው ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው። ነገር ግን ኮረም ላይ ከተቀረጹት ሰዎች መካከል ሸማኔው የትኛው ነው? አንጥረኛውስ? በዚያ ሰዓት የሚጠየቅ ጥያቄ አልነበረም። የራበው ሰው ምስል ምን እንደጎደለው ያሳያል፣ ማሳየትም አለበት። በሱቋ፣ በመጋዙ፣ በወንበሩ አጠገብ የሚነሳ ሰው ምስል ግን ምን እንደሚችል ማሳየት አለበት። ችግሩ ብዙ ፎቶ አንሺ ለመጀመሪያው የለመደውን ዓይን ይዞ ወደ ሁለተኛው መሄዱ ነው። እኔም ወደ ካዋንግዋሬ ይዤ የሄድኩት ያንን ዓይን ነበር።

ሌላ ዓይን የት ይገኛል? ብዙ ጊዜ የምመለሰው ወደ ጀርመናዊው አውጉስት ሳንደር ነው። ሳንደር ኮሎኝ ከተማ ፎቶ ቤት ነበረው፤ ኑሮው ጉርድ ፎቶና የሰርግ ፎቶ ነው። ከዚያ ጎን ለጎን የዘመኑን ሰው በየሙያው ለማንሳት ተነሳ። በ1928 ያነሳው ኬክ ጋጋሪ ዛሬም ለማስተማሪያ የሚቀርብ ምስል ነው። ሰውየው ወፍራም፣ ራሱ የተላጨ፣ ነጭ ካፖርት የለበሰ ነው፤ ማማሰሉን ለአፍታ ገታ አድርጎ፣ እጁን ከዕቃው ሳያነሳ፣ ቀጥ ብሎ ካሜራውን ያያል። ገና ሲያዩት ማድቤቱ የእሱ እንደሆነ ይታወቃል። የሳንደር ካሜራ ትልቅ፣ በእግር የሚቆም፣ በመስተዋት ላይ የሚያነሳ ነበር፤ ተነሺው ካልተባበረ ምስሉ ይደበዝዛል። እንግዲህ እያንዳንዱ ምስል የተነሺው ፈቃድ አለበት ማለት ነው። በ1929 60ዎቹን መርጦ መጽሐፍ አደረጋቸው። ናዚዎች በ1936 የመጽሐፉን ማተሚያ ሰሌዳዎች አጠፉ፤ ሥራ ፈቱም፣ ባለሀብቱም እኩል ቀጥ ብለው የቆሙበት መጽሐፍ ንጹሕ ዘር ለሚሰብክ መንግሥት የሚመች አልነበረም።

አሜሪካዊው አርቪንግ ፔን ደግሞ በ1950 እና በ1951 በፓሪስ፣ በለንደንና በኒውዮርክ ዓሣ ሻጩን፣ ፖስተኛውን፣ ጭስ ማውጫ ጠራጊውን ከነመሣሪያው ወደ ስቱዲዮው እያስመጣ፣ ምንም በሌለው ሸራ ፊት አቆመ። ምስሎቹ ውብ ናቸው። እኔ ግን አንድ ነገር ይጎድለኛል፤ ሱቁ የለም። ዓሣ ሻጭ ከነዓሣው ቢቆምም ከገበያው ከወጣ ጌጥ ይመስላል። ከዚያ ሥራ ይልቅ ልቤን የሚነካው ፔን የተናገረው አንድ ገጠመኝ ነው፤ በሥራ ልብሳችሁ ኑ ተብለው ሳለ ከኒውዮርኮቹ አንዳንዶቹ ጺማቸውን ተላጭተው፣ የእሁድ ሱፍ ለብሰው መጡ።

የናይሮቢም ሰው እንዲሁ ነው። ሪቨር ሮድን ይዘው ሲሄዱ ፎቶ ቤት ሞልቶ ነበር፤ ከገጠር ለሥራ የመጣ ወጣት የመጀመሪያ ደሞዙን ሲቀበል ሱፍ ለብሶ፣ ከሌለውም ተውሶ፣ የተሣለ መጋረጃ ፊት ቆሞ ተነስቶ ለእናቱ ይልክ ነበር። የእኛም አባቶች ፒያሳ ላይ ያደረጉት ይኸው ነው፤ የፕላስቲክ አበባው፣ የማይደውለው ስልክ፣ በአንድ ጉልበት ላይ የተቀመጠው ባርኔጣ። ቱታውን ለብሶ ፎቶ ቤት የሚገባ አልነበረም። ስለዚህ ዘጋቢ ፎቶ አንሺው «እንዳለህ ሁን፣ ዘይቱም ይታይ» ሲል መካኒኩ የሚሰማው ሌላ ነው፤ «ለእናትህ የማትልከውን መልክህን ስጠኝ» ያለው ነው የሚመስለው። ኪሪንያጋ ሮድ ላይ የመኪና ዕቃ የሚፈታ አንድ ወጣት ልብሴን ልቀይር ሲለኝ እንቢ ብዬው አውቃለሁ። እውነተኛ የሚሆነው ቱታው ነው ብዬ ነበር። ዛሬ ተሳስቼ እንደነበር አምናለሁ። ንጹሕ ሸሚዝ ለመልበስ መፈለጉም ስለ እሱ የሚነግረን እውነት ነው። አሁን ልቀይር የሚለኝን እጠብቀዋለሁ፤ ሁለቱንም አነሳለሁ፤ የሚታተመውን እሱ ይመርጣል። የሚገርመው ብዙዎቹ ጎን ለጎን ሲያዩት በሥራ ልብስ የተነሱትን መምረጣቸው ነው፤ መምረጥ ከተቻለ በኋላ ቱታው አያሳፍርም።

አሁን ወደ ብርሃን እንምጣ፤ ናይሮቢ ላይ ብርሃንና ሥራ አንድ ስም አላቸው። ጁዋ ካሊ ማለት በስዋሂሊ «ኃይለኛ ፀሐይ» ማለት ነው። ካሙኩንጂ ላይ ከበርሜል ቆርቆሮ ሳጥን፣ ምጣድና ድስት የሚቀጠቅጡት፣ እንጨት የሚልጉት፣ ብረት የሚበይዱት ሁሉ ጣሪያ ስለሌላቸው ስማቸው ጁዋ ካሊ ሆነ። የዓለም ሥራ ድርጅት ቡድን በ1972 ስለ ኬንያ ባወጣው ሪፖርት ይህን ዓይነት ሥራ «ኢመደበኛ ዘርፍ» ብሎ ጠራው፤ ቃሉ ቀደም ሲል ጋና ላይ የተጠና ቢሆንም ዓለምን የዞረው ከዚህ ሪፖርት ተነስቶ ነው። ኢመደበኛ የሚለው ስም የሌላቸውን ይቆጥራል፤ ጁዋ ካሊ የሚለው ስም የሚያቃጥላቸውን ይናገራል። ፕሬዚዳንት ሞይ በ1985 ካሙኩንጂን ጎብኝተው ለሠራተኞቹ የጥላ ዳስ እንዲሠራላቸው ቃል ገቡ፤ ስሙ ግን ዳስ ላገኘውም ላላገኘውም ቀረ። ዛሬ በኬንያ ከ100 ሠራተኛ ከ80 በላይ የሚሆነው ኑሮው በዚህ ዘርፍ ነው።

ለፎቶ አንሺ ኃይለኛ ፀሐይ ተግባራዊ ችግር ነው። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 1 ዲግሪ ከምናምን ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ፀሐይ ቀን ላይ አናት ላይ ትቆማለች። ግንባርና አፍንጫ ያበራሉ፣ ዓይን ጉድጓዱ ውስጥ ይጠፋል። ዓይኑ ያልታየ ሰው ደግሞ ምንም ያህል ቢስቅ የተቆጣ ይመስላል። ለስላሳው ብርሃን ያለው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። (ስዋሂሊ ተናጋሪውም እንደኛው ሰዓት የሚቆጥረው ከንጋት ነው፤ ሳ ሞጃ ሲላችሁ አንድ ሰዓት ማለቱ ነው። ቀጠሮ ስይዝ እንደዚህ የሚያስደስተኝ ነገር የለም።) ችግሩ ያ ሰዓት የዳቦና የወተት ግርግር ሰዓት መሆኑ ነው። ለካሜራው የሚመቸው ሰዓት ለሱቁ የማይመች ሲሆን መሸነፍ ያለበት ካሜራው ነው። የሚሠራ ሰው ጊዜው ገንዘቡ ነው፤ ደንበኛ እያስጠበቁ ምስል ማስተካከል ከመሳቢያው ሳንቲም ከማንሳት አይለይም።

ስለዚህ የምሄደው ረፋድ ላይ፣ ግርግሩ ሲበርድ ነው፤ የምጠቀመውም የፀሐይዋን ተረፈ ብርሃን ነው። ፀሐይዋ ከደጅ ያለውን አፈርና የማዶውን ቆርቆሮ ትመታለች፤ ከዚያ ተመልሳ በበሩ በኩል ትገባለች። ባለሱቁን ከበሩ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ አቁሙት፤ ፊቱ ላይ የሚያርፈው ብርሃን የትኛውም ስቱዲዮ የሚመኘው ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ናይሮቢ በደመና ትሸፈናለች፤ ያኔ ከተማው በሙሉ አንድ ትልቅ ነጭ ዣንጥላ ሥር ያለ ይመስላል፣ ውጭም መሥራት ይቻላል።

የካሜራው ብርሃን መለኪያ ራሱን ችሎ እንዲወስን ከተተወ ይሳሳታል። መለኪያው የሚያየው ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ያምናል። በስልክ ገንዘብ መላኪያው ኤምፔሳ በ2007 ከተጀመረ ወዲህ የገንዘብ ወኪሎች ዳስ ከተማዋን አረንጓዴና ነጭ አልብሷታል፤ ነጭ ግድግዳ ፊት የቆመን ጥቁር ሰው መለኪያው አጨልሞ ጥላ ያደርገዋል። ጨለማ ሱቅ ውስጥ የተቀመጠውን ደግሞ አመድ አስመስሎ ያነጣዋል። መለካት ያለበት ፊቱ ነው፤ ግድግዳው እንደፍጥርጥሩ ይሁን። ይህ ስህተት ከካሜራው ውጭም ነበር። የኮዳክ ማጠቢያ ቤቶች ለብዙ አሥርት ዓመታት ቀለም የሚያስተካክሉት ሺርሊ ካርድ በሚባል፣ የነጭ ሴት ፎቶ ባለበት ካርድ ነበር፤ እሷ ካማረች ፊልሙ ትክክል ነው ተባለ። የጠቆረ ፊት ዝርዝሩ ሲጠፋ ኩባንያውን በመጀመሪያ በብርቱ የወተወቱት የጥቁር ሕፃናት እናቶች አልነበሩም፤ የቸኮላታቸውና የእንጨት ዕቃቸው ቀለም አልወጣ ያላቸው ነጋዴዎች ነበሩ። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ያሳደገችኝ አክስቴ ፊት እንደ ከሰል የጠቆረበት የሰርግ ፎቶ ትዝ አለኝ። ለካ ጥፋቱ የፎቶ አንሺው ብቻ አልነበረም።

ጎዳና ላይ የሚሸጡት ጉዳይ ለብቻው ነው። ሱቅ በደረቴ፣ ሙዝ በጋሪ የሚገፋ፣ ካልሲ መሬት ላይ ያነጠፈ ሰው ካሜራ ሲያይ ዕቃውን ይሰበስባል። የሚፈራው ካንጆን ነው፤ የከተማውን ደንብ አስከባሪ እንዲህ ይጠሩታል። አዲስ አበባ ላይ ጉልት የምትቸረችር እናት ደንብ አስከባሪ ስታይ እንዴት ላስቲኳን ጠቅልላ እንደምትሮጥ የሚያውቅ አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም። ፈቃድ የሌለው ነጋዴ ፊቱም፣ ዕቃውም፣ የቆመበት ጥግም በአንድ ምስል ላይ ከተገኙ ያ ምስል ማስረጃ ነው። እነዚህን ሰዎች ሳነሳ የሕንፃውን ስምና የመንገዱን ምልክት ከምስሉ አስወጣለሁ፤ ሙያውን ለማሳየት እጁና ዕቃው ይበቃል።

ሕጉም ከሰዎቹ ጋር ነው። ኬንያ በ2019 ያወጣችው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ የሰውን ፊት እንደ መረጃ ይቆጥራል። በ2023 የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነሯ መሥሪያ ቤት አንድ የናይሮቢ መዝናኛ ቤት የደንበኛውን ፎቶ ሳያስፈቅድ በማኅበራዊ ገጹ ስለለጠፈ 1,850,000 ሽልንግ ቀጥቶታል። ባለሱቅ ሲነሳ ከኋላው ዳቦ የሚገዛው ሰው መጠየቅ እንዳለበት ብዙ አንሺ ይረሳል።

ወደ ካዋንግዋሬዋ ሴት ልመለስ። ምን አጠፋሁና ካለችኝ በኋላ ለሁለት ወር ያህል ካሜራ ሳልይዝ እየሄድኩ ወተት ስገዛ ቆየሁ። አንድ ረፋድ ላይ ራሷ፣ «ያ ዕቃህ የት አለ?» አለችኝ። አመጣሁት። በጎን ያለውን በር ቁልፍ ከፍታ አስገባችኝ፤ ከዚያ ቀን በፊት ሱቋን ከውስጥ አይቼ አላውቅም። በዱቄቱ ከረጢትና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ቦታ አንድ ሰው ብቻ ያስቆማል። ከውጭ ዝብርቅርቅ ያለ የመሰለኝ መደርደሪያ ሥርዓት አለው፤ ቶሎ ቶሎ የሚሸጠው በእጇ ቁመት፣ ሳሙናው ከምግቡ ርቆ፣ በዱቤ የተወሰደው የተጻፈበት ደብተር ከሚዛኑ ሥር። ሳትዞር፣ ሳታይ፣ እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ ክብሪት ታወጣለች።

ሽርጧን ፈታ ከመጋረጃው ኋላ ገባች፤ ስትመለስ ሌሶ የሚሉትን ጨርቅ፣ ቢጫውን፣ ታጥቃ፣ ሻሿን አስተካክላ ነበር። አንድ ልጅ ስኳር ሊገዛ መጣ፤ መዘነችለት፣ መልሱን ቆጠረችለት። ከዚያ አንድ እጇን ሚዛኑ ላይ እንዳደረገች ወደ እኔ ዞረች። ፍርግርጉ አሁን ከኋላዬ ነው፤ በእሱ በኩል የሚገባው ብርሃን ፊቷ ላይ አረፈ። አነሳሁ።

በካሜራው ጀርባ አሳየኋት። ፊቷን አላየችም። «ቁጥሬ የት አለ?» አለች። ግድግዳው ላይ ደንበኞች በስልክ የሚከፍሉበት የኤምፔሳ ቁጥሯ የተጻፈበት ሰሌዳ አለ፤ ከምስሉ ውጭ ቀርቷል። እኔ ያልፈለግኩት የማስታወቂያ ሰሌዳ ስለመሰለኝ ነው። እሷ ግን የተነሳችው በሱቋ ነው፣ ሱቋ ደግሞ ያለዚያ ቁጥር ሱቅ አይደለም። ወደ ኋላ ልል ብል ማቀዝቀዣው አላስኬደኝም። እሷ የእንቁላሉን ትሪዎች አንድ በአንድ አንስታ መሬት ላይ ደርድራ ቦታ ለቀቀችልኝ። ፊቷም ሰሌዳውም እኩል ጥርት እንዲሉ የሌንሱን ቀዳዳ አጠበብኩ፤ ብርሃኑ ስላነሰ ትንፋሼን ይዤ በ1/30 ሰከንድ አነሳሁ።

ከምስሉ ሥር ምን ልጻፍ ብዬ ጠየቅኋት። ሳንደር «ኬክ ጋጋሪ» ብሎ ያልፍ ነበር፤ ስም የለም። በዚህ አገር እናት የምትጠራው በልጇ ስም ነው፣ ማማ እገሌ ተብላ፤ ሰፈሩ ሁሉ እሷንም የሚያውቃት እንዲያ ነው። ጥቂት አሰበችና የልጇን ስም ተወችው። የራሷን ስም ከነአባቷ ነገረችኝ፤ ቀጥሎም የሱቋን ስም፤ ቀጥሎም የምትሸጠውን በሙሉ፣ ወተት፣ ዱቄት፣ ስኳር፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ የስልክ ካርድ፣ እየተነተነች አስጻፈችኝ። ስጨርስ ደብተሬን ተቀብላ አየችውና እንቁላል ረስተሃል አለችኝ።

ሳሳጥበው ትልቅ አድርጌ አሳጠብኩት። ስሰጣት ወደ በሩ ወስዳ ወደ ብርሃኑ አዘነበለችው፤ አውራ ጣቷን ከሰሌዳው ላይ እያንቀሳቀሰች ቁጥሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ድምፅ አውጥታ አነበበችው።